ከአባት ጋር በበረዶ ላይ ማደር፦ እሺ ልበል ወይስ ልከልክል?

ጥያቄ፦ «አባቴ 66 ዓመቱ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ አንድ ሐሳብ ይዞ አልለቅም ብሏል፤ በመጪዎቹ የበረዶ ወራት ሁለታችን ብቻ የበረዶ ሸርተቴ ተጫምተን፣ ድንኳንና ስንቅ ተሸክመን፣ ተራራውን ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው ሸለቆ በአምስት ቀን እንድናቋርጥ ይፈልጋል። ሸርተቴ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ነገር ግን እሱ የለመደው በማሽን የተደለደለና በሊፍት (ሰው ተቀምጦ ሽቅብ በሚወጣበት የገመድ ወንበር) የሚወጣ ተዳፋት ነው። እኔ ደግሞ ላለፉት ጥቂት ዓመታት ከጓደኞቼ ጋር ሊፍት የሌለው ተራራ በሸርተቴ እየወጣሁ መውረድ ለምጃለሁ፤ የበረዶ ናዳ ኮርስም ወስጃለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን አብረን ወጥተን ነበር። ዳገቱ ሲከብደው አየሁና እንዳያፍር ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ የማስተካክል መስዬ ደጋግሜ ቆምኩ። ማታ ካልሲውን ሲያወልቅ እናቴ ሁለት የእግር ጣቶቹ ገርጥተው አየች፤ ከቀትር ጀምሮ ደንዝዘውበት እንደነበር የተናገረው ያን ጊዜ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳል። ‹ሳልደክም አንድ ጊዜ› ይለኛል። እምቢ ብለው ልቡ ይሰበራል፤ እሺ ብለው እኔ እንቅልፍ አጣለሁ። ምን ልበለው?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መልሴን አስቀድሜ ልንገርዎ። ለአባትዎ እሺ ይበሏቸው፤ እሺታዎ ግን አብሮ ለመሄድ እንጂ እሳቸው ላሰቡት መንገድ አይሁን። 66 ዓመት በበረዶ ተራራ ለመውጣትም ሆነ በድንኳን ለማደር በራሱ እንቅፋት አይደለም፤ በዚህ ዕድሜና ከዚህም አልፈው ተራራ የሚወጡ ሰዎች ብዙ ናቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ እሱንም እርስዎ ራስዎ በደብዳቤዎ ውስጥ ጽፈውታል።

አባትዎ ጣቶቻቸው ደንዝዘው ሳለ ልጃቸውን ላለማስጨነቅ ሲሉ ሆድ ይፍጀው ብለው ዝም አሉ። እርስዎም አባትዎን ላለማሳፈር ሲሉ ማሰሪያ የማስተካከል ሰበብ ፈጠሩ። ሁለታችሁም ያደረጋችሁት ከፍቅር የመነጨ ነው፤ እኔም ያንን ለመንቀፍ አልደፍርም። እንዲህ ያለው ይሉኝታ ማታ የሞቀ ቤት በሚጠብቅበት የአንድ ቀን ጉዞ ላይ ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ በሦስተኛው ሌሊት፣ መኪና የሚገባበት መንገድ የአንድ ቀን ጉዞ በሚርቅበት ቦታ ግን ያው ዝምታ ጣት ያስቆርጣል፣ አይበለውና ነፍስም ያጠፋል። ስለዚህ ከድንኳኑም ከልብሱም በፊት መዘጋጀት ያለበት፣ ሁለታችሁ እውነቱን ሳትተፋፈሩ የምትነጋገሩበት መንገድ ነው።

ብርድ ከብዙ ሕመም የሚለይበት አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ እየባሰ ሲሄድ ስሜቱ ይጠፋል። ጣት መጀመሪያ ይቆረጥማል፣ ይወጋል፤ ቀጥሎ ይደነዝዛል። ሕመሙ የተወው ሰው የተሻለው ይመስለዋል፤ ቆዳው ገርጥቶና ጠጥሮ ሲገኝ ግን ውርጩ ሥጋውን መጉዳት ጀምሯል። የመላ ሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድም እንዲሁ ነው። ሰውየው መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ እጁ ዚፕ መሳብ ያቅተዋል፣ እግሩ ይደናቀፋል፣ ንግግሩ ይተሳሰራል፣ በመጨረሻም ማመዛዘን ይሳነዋል፤ በዚህ ጊዜ «ደህና ነኝ» የሚለው ዋሽቶ ሳይሆን እውነት መስሎት ነው። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ሰውነት ተንቀጥቅጦ ሙቀት የማመንጨት ኃይሉ ይቀንሳል፤ ብርዱም ጥማቱም ዘግይቶ ይሰማል። እንግዲህ አባትዎ ምንም ያህል ቃላቸውን የሚጠብቁ ሰው ቢሆኑ፣ ስለ ራሳቸው ሰውነት ብቸኛ ምስክር ሊሆኑ አይችሉም። እርስዎም ቢሆኑ በተራዎ እንዲሁ ነዎት።

መድኃኒታቸውን በተመለከተ ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አንድ እርምጃ እንዳይሄዱ እለምንዎታለሁ። የደም ግፊት መድኃኒት ዓይነቱ ብዙ ነው። ቤታ ብሎከር የሚባለው ክፍል የልብ ምት እንደ ልብ እንዳይጨምር ያደርጋል፣ እጅና እግርንም ያቀዘቅዛል፤ ሽንት የሚያበዛው ክፍል ደግሞ ሰውነትን ያደርቃል፣ በበረዶ ላይ ደግሞ ሰው ውኃ የሚጠጣው ከሚገባው በታች ነው። ሐኪሙን «ስፖርት ይችላሉ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ዳገት፣ ከባድ ሸክም፣ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ብርድና የቦታው ከፍታ ስንት ሜትር እንደሆነ ዘርዝረው ይንገሩት። ያለ ሐኪም ፈቃድ ግን መድኃኒቱ ለአንድ ቀንም ቢሆን እንዳይቋረጥ።

አሁን ወደ ንግግሩ ልመለስ፤ ምን ልበለው ያሉት ይህንኑ ነውና። በስልክ አይሁን፣ እናትዎና ዘመድ ባሉበትም አይሁን፤ ሰው ፊት የተነገረ ድካም ለማንም አባት ከባድ ነው። ሁለታችሁ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ተቀመጡ፤ ከእሳቸው ጣት በፊት ከእርስዎ ማሰሪያ ይጀምሩ። እንዲህ ቢሏቸው ይበቃል፦ «አባዬ፣ ባለፈው ዓመት ማሰሪያዬ ምንም አልሆነም ነበር፤ እንድታርፍ ፈልጌ ነው የቆምኩት። አንተም ጣቶችህ መደንዘዛቸውን አልነገርከኝም። እንዲህ እየተደባበቅን አምስት ቀን መውጣት እፈራለሁ። ካልተደባበቅን ግን ካንተ ጋር መሄድ በጣም እፈልጋለሁ።» በዚህ ንግግር ውስጥ ስለ ዕድሜ አንድም ቃል እንደሌለ ልብ ይበሉ። ከዚያ ሁለት ነገር ተስማሙ። አንደኛው፣ ከሁለታችሁ ማንም «ይብቃን፣ እንመለስ» ሲል ሌላው ለምን ብሎ ሳይጠይቅ መመለስ ነው፤ ምክንያቱ ድንኳን ውስጥ ተገብቶ ትኩስ ነገር ከተጠጣ በኋላ ይነገራል። ሁለተኛው፣ በየሰዓቱ መቆምና ተራ በተራ መጠያየቅ ነው። ጥያቄው ግን «ደህና ነህ?» አይሁን፤ መልሱ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ነውና። «የግራ እግርህን ጣቶች ስታንቀሳቅስ ይሰሙሃል? ባለፈው ሰዓት ስንት ጊዜ ጠጣህ? ጓንትህን አውልቅና እጅህን ልየው» የሚለው ነው የሚጠቅመው። እሳቸውም እርስዎን በዚያው መንገድ ይጠይቁ፤ ጥያቄው ከሁለቱም ወገን ሲመጣ የሚዋረድ አይኖርም።

ከዚህ የሚከብደው የመሪነት ጉዳይ ነው። ሸርተቴ ያስተማሩዎ አባትዎ ናቸው፤ ሊፍት በሌለበት ተራራ ላይ የበለጠ የሚያውቁት ግን ዛሬ እርስዎ ነዎት፤ ይህን አምኖ መቀበል ለእሳቸውም ለእርስዎም ቀላል እንዳልሆነ እረዳለሁ። እርስዎ ሊያስተምሯቸው አይሞክሩ። የናዳ ኮርሱን አብራችሁ እንደገና ውሰዱት፤ እርስዎም መድገሙ አይጎዳዎትም። ልጃቸው ብትነግራቸው ክርክር የሚሆነውን ነገር የማያውቁት አሠልጣኝ ሲነግራቸው ዕውቀት ይሆናል። ከኮርሱ በኋላ ስለ አንድ ተዳፋት ስትነጋገሩ የሁለታችሁም ቋንቋ አንድ ይሆናል፤ «እኔ በረዶን ካንቺ በፊት አውቀዋለሁ» የሚለው ነገርም ቦታ አይኖረውም።

በናዳ ጉዳይ ላይ ቃሌን ላለዝብ አልችልም። አብዛኛው አደገኛ ናዳ የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ተዳፋት ላይ ሲሆን፣ ተንዶ የሚቆመው ግን ከዚያ በታች ባለው ሜዳ ላይም ሊሆን ይችላል። ሙሉ በሙሉ የተቀበረ ሰው በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ውስጥ ቢወጣ የመትረፍ ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዕድሉ በፍጥነት ያሽቆለቁላል፤ ስለዚህ ከሩቅ የሚጠራ እርዳታ አብዛኛውን ጊዜ አይደርስም። ሁለት ሰው ብቻ ሲሄድ፣ አንዱ ቢቀበር ያለው አዳኝ አንድ ነው። እርስዎ ቢቀበሩ አዳኝዎ አባትዎ ናቸው። እንግዲህ አንድ ነገር ያድርጉ፤ የናዳ መፈለጊያ ራዲዮ (ተጓዥ ሁሉ በአካሉ ላይ አስሮ የሚይዘው፣ ሲቀበር ያለበትን ቦታ በምልክት የሚያሳውቅ መሣሪያ) በርቶ የተቀመጠበት ቦርሳ አደጋ በሌለበት ሜዳ ላይ አንድ ሜትር ጥልቀት ቆፍረው ይቅበሩና፣ አባትዎ በራሳቸው ራዲዮ አቅጣጫውን ይዘው፣ በዘንግ ወግተው፣ በአካፋ ቆፍረው እንዲያወጡት ያድርጉ፤ እርስዎም በተራዎ ይሞክሩት። ስልክ ራዲዮውን ስለሚረብሽ በሚፈልጉበት ጊዜ ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ተናዶ የቆመ በረዶ ይጠጥራል፤ እሱን መቆፈር የወጣት ወገብም የሚፈትን ሥራ ነውና የሙከራው ውጤት ሁለታችሁንም ከብዙ ክርክር ያሳርፋችኋል።

ከዚህ የተነሣ የእኔ ምክር፣ ሁለታችሁ ብቻ ከሆናችሁ ከ30 ዲግሪ በታች ባለ ተዳፋት ላይ ብቻ እንድትሄዱ፣ በላያችሁም ከዚያ የሚበልጥ ተዳፋት እንዳይኖር ነው። የናዳ ማስጠንቀቂያ አምስት ደረጃ አለው፤ 1ኛና 2ኛ ሲሆን ሂዱ፣ 3ኛ ሲሆን ቅሩ። ሦስት ከአምስት መካከለኛ ስለሚመስል ሰው ይዘናጋል፤ ብዙ ሰው የሚሞተውም 3ኛው ደረጃ በታወጀባቸው ቀናት ነው። ሦስተኛ ሰው ቢጨመር ደግሞ እጅግ ደስ ይለኛል፤ ጠንካራ ጓደኛ ወይም ሙያው የሆነ የተራራ መሪ። አዳኙ ሁለት ይሆናል፤ አባትና ልጅ የማይደፍሩትንም ቃል ያ ሰው ይናገረዋል። አባትዎ ሁለታችን ብቻ ማለታቸውን አልዘነጋሁም፤ ምኞታቸው ለዝቅተኛውና ለለዘብተኛው ቦታ ይቆይላቸው።

መንገዱን በተመለከተ፣ ከሸለቆ ወደ ሸለቆ ማቋረጥ ለመጀመሪያ ጉዟችሁ አይሆንም እላለሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ከተደረሰ በኋላ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ርቀቱ እኩል ነው፤ በዚያ ጊዜ «ይብቃን» የሚለው ቃል ትርጉም ያጣል። በእሱ ፈንታ ከመኪና መንገዱ የሁለት ወይም የሦስት ሰዓት ጉዞ በሚርቅ፣ ከናዳ ነፃ በሆነ ቦታ አንድ ድንኳን ተክላችሁ፣ እዚያው ሦስት ሌሊት አድራችሁ፣ በየቀኑ በቀላል ቦርሳ ወጥታችሁ ተመለሱ። አባትዎ አንድ ቀን ቢደክሙ ድንኳን ውስጥ ያርፋሉ፤ የአየር ጠባይ ቢበላሽ ከምሳ በፊት መኪናው ጋ ትደርሳላችሁ። ቀላል ቦርሳ የያዘ ጤነኛ ሰው በሰዓት ከ300 እስከ 400 ሜትር ከፍታ ይወጣል፤ ድንኳኑን ተሸክማችሁ ለምትገቡበት ቀን ግን 200 ሜትር ብላችሁ አስቡ። መሬቱ ለጥ ያለ ከሆነ ሸክሙን በወገብ ታስሮ በሚጎተት የዕቃ መጫኛ ሸርተቴ ላይ መጫን ለጉልበትም ለወገብም ዕረፍት ነው። በሰሜን ንፍቀ ክበብ ከሆናችሁ መጋቢትን ምረጡ፤ ቀኑ ይረዝማል፣ ሌሊቱም እንደ ጥር አይከፋም። በዚያ ወቅት ግን ከቀትር በኋላ በረዶው በፀሐይ እየረጠበ ስለሚከብድና ስለሚናድ፣ ማልዳችሁ ወጥታችሁ ከእኩለ ቀን በፊት ተመለሱ።

ከዚያም በፊት አንድ ሌሊት ብቻ፣ ከመኪናው ብዙ ሳትርቁ፣ ሙሉ ዕቃ ይዛችሁ እደሩ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ከዚያች ሌሊት በኋላ ሐሳቡ የማይሆን ከሆነ አባትዎ ራሳቸው ያውቁታል፤ እርስዎ እምቢ ማለት አይጠበቅብዎትም።

ብዙ ሰው የሚፈራው ሌሊቱን ነው፤ እኔ ግን የሚከብደው ጉዞ የሚቆምበት የመጀመሪያው ሰዓት ይመስለኛል። ዳገት ሲወጣ የዋለ ሰው የውስጥ ልብሱ በላብ ርሷል፤ እንደቆመ ያ እርጥበት ሙቀቱን ይወስድበታል፤ ፀሐይዋ ከሸንተረሩ ጀርባ ስትገባ ቅዝቃዜው በደቂቃዎች ይለወጣል። ሥራው ግን ገና ነው። የድንኳኑን ቦታ በሸርተቴ መጠቅጠቅና እስኪጠነክር መጠበቅ አለ፤ ተራ ካስማ ለስላሳ በረዶ ውስጥ ስለማይዝ፣ ሸርተቴዎቹን ማቆም ወይም በረዶ የሞሉ ከረጢቶችን ቀብሮ ገመዱን ከእነሱ ጋር ማሰር አለ። በዚህ መሐል አንድ ሰው የድንኳኑን ዘንግ በቀጭኑ ቀዳዳ ለማስገባት ወፍራሙን ጓንት ያወልቃል፤ ብረቱ የጣቱን ሙቀት ይስባል፣ ዘንጉ አልገባ ይላል፣ ትንሽ ልሞክር ሲል የጣቶቹ ጫፍ ይነጣል። የብዙዎች ጉዳት የሚጀምረው እንዲህ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አስቀድማችሁ ወስኑ፤ እንደቆማችሁ፣ ምንም ሳትነኩ፣ ሁለታችሁም ደረቅ የውስጥ ልብስ ቀይራችሁ፣ ወፍራሙን ጃኬት ደርባችሁ፣ ከፔርሙዙ ትኩስ ጠጡ። ቀጭኑን የጣት ሥራ እርስዎ፣ ቀጭን ጓንት ሳያወልቁ፣ ይሥሩት። መርገጡንና መቆፈሩን ለአባትዎ ይተዉላቸው። ለታላቅ ክብር ሲባል «አንተ አረፍ በል፣ እኔ እሠራለሁ» ማለት ደግ ነገር ነው፤ በረዶ ላይ ግን ቁጭ ያለ ሰው ይበርደዋል፣ አካፋ የያዘ ሰው ይሞቀዋል።

ውኃ የሚገኘው በረዶ በማቅለጥ ነው። አዲስ የወረደ በረዶ አብዛኛው አየር ስለሆነ፣ አንድ ሊትር ውኃ ለማግኘት በግምት አሥር ሊትር በረዶ ያስፈልጋል፤ ድስቱ እንዳያር መጀመሪያ ከሥሩ ጥቂት ውኃ ይደረግበታል። ለሁለት ሰው ይህ ማታና ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ ስለሚወስድ ነዳጁን አብዝታችሁ ያዙ። ቡቴን ያለበት የጋዝ ምድጃ ሙቀቱ ዜሮ አካባቢ ሲደርስ ይደክማል፤ በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራው በብርድ ይሻላል። የቱም ምድጃ ቢሆን በተዘጋ ድንኳን ውስጥ እንዳይነድ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም፣ ተኝቶ ያለ ሰው ሳይነቃ ይገድላል።

ለመኝታ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሲያዩ «ምቹ» የተባለውን የሙቀት ልክ ይመልከቱ፤ ዝቅተኛው ቁጥር ነፍስ ለማትረፍ ብቻ የሚሆን ነው እንጂ እንቅልፍ የሚያስተኛ አይደለም። ለአባትዎ ከሚጠበቀው ብርድ አምስት ዲግሪ ያህል የሚያልፍ ይግዙ ወይም ይከራዩ፤ ከሥርም ሁለት ፍራሽ ደራርቡላቸው፣ ሙቀት በብዛት የሚያመልጠው ወደ በረዶው ነውና። አንድ ሌላ ነገር ሳላፍር ልናገር። በዚህ ዕድሜ ሌሊት ለሽንት መነሳት የተለመደ ነው፤ በብርድ ከድንኳን መውጣትን የሚፈራ ሰው ደግሞ ከቀትር ጀምሮ መጠጣት ይተዋል፣ ሰውነቱም ደርቆ ብርዱ ይበረታበታል። አፈ ሰፊ፣ በጨለማ በእጅ ተዳስሶ የሚታወቅ ጠርሙስ ለሁለታችሁም ያዙ፤ ጉዳዩን እርስዎ ቀድመው ያንሡት፣ እሳቸው አያነሡትምና።

አባትዎ ረጅሙን መንገድ ማቋረጥ ምኞታቸው ከሆነ፣ ያም ጨርሶ የተዘጋ አይደለም። ከፈረንሳዩ ሻሞኒ እስከ ስዊዘርላንዱ ዘርማት ያለውን ዝነኛ መንገድ በፀደይ የሚሄዱ ሰዎች የሚያድሩት በተራራ ማረፊያ ቤቶች ነው፤ ድንኳንም ፍራሽም አይሸከሙም። ይሁን እንጂ መንገዱ ስንጥቅ ባለባቸው የበረዶ ግግሮች ላይ የሚያልፍና ከ3000 ሜትር በላይ የሚወጣ ስለሆነ፣ ያለ ባለሙያ መሪ ላላችሁበት ደረጃ አይመከርም። ሦስቱ ሌሊት በደህና ካለፉ በቀጣዩ ዓመት የምታስቡበት ይሁን።

እናትዎን ደግሞ አይርሱ፤ ጣቶቹን ያዩት እሳቸው ናቸው፣ ስጋታቸውም የተገባ ነው። የድንኳኑን ቦታ፣ በየቀኑ የምትወጡበትን አቅጣጫና የምትመለሱበትን ቀን በካርታ ላይ አሳይተው ቅጂውን ይተዉላቸው። ስልክ በብርድ ባትሪው ቶሎ ስለሚያልቅና በተራራ መካከል ኔትወርክ ላይኖር ስለሚችል፣ በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ ተከራይተው ይያዙ፤ በየማታው በተወሰነ ሰዓት አንድ መልእክት ይላኩላቸው። መልእክቱ ካልደረሳቸው ስንት ሰዓት መጠበቅ እንዳለባቸውና ከዚያ በኋላ ለየትኛው የነፍስ አድን ቁጥር እንደሚደውሉ በወረቀት ጽፈው ይስጧቸው፤ መሣሪያ ሊበላሽም ስለሚችል የሚጠበቀው ሰዓት እስከ ማግስቱ ጠዋት እንዲሆን ሦስታችሁም ተስማሙበት።